ለእንሽላሊት ያቆምኩት ግንብ

ዙሪክ ውስጥ በድንጋይ ስራ እኔን የሚበልጥ ሰው የለም። ጉራ አይደለም፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ፣ እሱም ትቶኛል። ድንጋይ ግን አዲስ አበባ ኮብልስቶን ሳነጥፍ እጄ ውስጥ ገብቷል። እኔ ባነጠፍኩት መንገድ ላይ እንቁላል ብታንከባልሉ ሰፈር ዞሮ ሳይሰበር ይመለሳል።

ስለዚህ አልትሽቴተን የሚባል የዙሪክ ሰፈር ያለ አንድ የአትክልት ስራ ድርጅት ለሙከራ ሲቀበለኝ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አለቃዬ አይቶኝ ከወደደኝ ኦገስት ላይ ሌሬ ሊያስጀምረኝ ነው። ሌሬ ማለት ደሞዝ እየተከፈለህ ሙያ የምትማርበት ውል ነው። እንደኔ ኤፍ ፈቃድ የሚሉትን ጊዜያዊ የመቆያ ወረቀት ለያዘ ሰው ሌሬ ካለህ ሰው ነህ፣ ከሌለህ ሶሻል የሚሉት የእርዳታ ቢሮ ወንበር አሙቀህ ትመለሳለህ።

የመጀመሪያው ስራዬ እንሽላሊት ማዛወር ነበር። ባቡር ሀዲዱ ዳር ያለው ዳገት ሊቆፈር ነው፣ እዚያ የሚኖሩት እንሽላሊቶች ደግሞ ህግ ይጠብቃቸዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ቤት ይሰራላቸዋል። እኔ እህቴ ወዳለችበት ወደ ጄኔቭ ካንቶን፣ እንደኛ አገር ክልል በሉት፣ ልቀየር ብዬ ባመለክት አይሆንም ተብያለሁ፣ ለእንሽላሊት ግን ቁፋሮ ይቆማል።

ስራውን የምትቆጣጠር አንዲት ወጣት ባዮሎጂስት ነበረች። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የክር ሸምቀቆ አስራ ቀስ ብላ አንገታቸው ላይ ታጠልቃለች። እኔ ምን ክር ያስፈልገኛል ብዬ ዘልዬ አንዷን በእጄ ያዝኩ። ጭራዋ እጄ ላይ ቀረ፣ የጭራው ባለቤት ሄደች። ጭራው መዳፌ ላይ እስክስታ ሲመታ አለቃዬ ቆሞ ያያል።

ከዚያ በኋላ ድንጋይ ሰጡኝ። አለቃዬ «ለእንሽላሊቶቹ የድንጋይ ክምር ስራ» አለኝና ሄደ። እንዴ፣ እኔ ክምር እሰራለሁ? ድንጋዩን መርጬ፣ ጠርቤ፣ ፊቱን ለፀሀይ ሰጥቼ፣ ክር ወጥሬ ቀጥ ያለ ግንብ አቆምኩላቸው። የሀዲድ ሰራተኞች እንኳን ስራቸውን ትተው ያዩት ነበር።

ሙቀቱ ሲጨምር ግንቡ በእንሽላሊት ተሞላ። ለአለቃዬ ኮንዶሚኒየሙ ሞልቷል፣ መጥተህ እይ አልኩት። ባዮሎጂስቷን ይዞ መጣ። እሷ ገና ከሩቅ ስታየው ፊቷ ጠቆረ።

ለካ ግንቡን የያዙት እኛ ያዛወርናቸው አይደሉም። የአገሩ እንሽላሊት ወፈር ያለች፣ እግሯ አጭር፣ ወንዱ ጎኑ አረንጓዴ የሚሆን ናት። ግንብ መውጣት ብዙም አይሆንላትም፤ የምትፈልገው ዝርክርክ ድንጋይ፣ ሳርና እንቁላሏን የምትቀብርበት አሸዋ ነው። ግንቡ ላይ የሰፈሩት ደግሞ ቀጫጭኖቹ፣ የግድግዳ እንሽላሊት የሚባሉት ናቸው። ከተራሮቹ ወዲያ፣ ከደቡብ፣ በጭነት ባቡር መጥተው ሀዲድ ሀዲዱን የተባዙ። ቀጥ ያለ ግድግዳና ስንጥቅ ነፍሳቸው ነው፣ የአገሩን እንሽላሊትም ገፍተው ያስወጧታል። ያለ ቲኬት፣ ያለ ፈቃድ ካንቶን ቀይረው እኔ በሰራሁት ቤት ገቡ።

«በጣም ቆንጆ ነው» አለችኝ ባዮሎጂስቷ። «ችግሩም እሱ ነው።»

አለቃዬ አፍርሰህ እንደገና ስራው አለ። የሌሬውን ነገር ከዚያ በኋላ እናየዋለን ብሎ ጨመረበት።

እሁድ ተናድጄ ጄኔቭ እህቴ ጋ ሄድኩ። ዲፕሎማት ቤት ነው የምትሰራው፣ እሁድ እሁድ ሻትሌን የሚባል ሰፈር ጓደኛዋ ጋ ታርፋለች። ከህንጻው ጀርባ ተቀምጠን ቀና ስል ግድግዳው በእነዚያው ቀጫጭኖች ተሞልቷል። ፎቶ አንስቼ ለባዮሎጂስቷ ላክሁላት፣ እዚህም ገብተዋል ብዬ። ወዲያው መለሰችልኝ፤ እነሱ እዚያ የአገሩ ናቸው፣ ተዋቸው አለች። አንዱ እንስሳ ጄኔቭ ባለቤት፣ በባቡር ሶስት ሰዓት ሄዶ ዙሪክ ሲደርስ ወራሪ! ጮህኩ፣ ጎረቤት በመስኮት አየን።

እህቴ አልሳቀችም። «አንተ ልጅ ምን ያስጮህሃል? እኔ ዲፕሎማቱ ቤት እስከሰራሁ ህጋዊ ነኝ፣ በሩን ዘግቼ የወጣሁ ቀን አይደለሁም። እንዲህ ያለ ህግ እንሽላሊት ላይ ብቻ ነው እንዴ?»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ሰኞ ማፍረስ ጀመርኩ። እርስ በርሱ የገጠመ ድንጋይ መለያየት የራስን ጥርስ መንቀል ነው። ከዚያ አንድ ላይ ገለበጥኩት፣ አሸዋ ደፋሁበት፣ ቅርንጫፍ ጣልኩበት። እጄ ግን እምቢ አለ፤ ሳላስበው ድንጋዩን ማስተካከል ይጀምራል። ባዮሎጂስቷ መጥታ ያስተካከልኩትን በእግሯ ትንደዋለች። እንደዚህ ነው የሚሰራው ትለኛለች፣ እኔን ድንጋይ ስታስተምረኝ!

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጎኑ አረንጓዴ የሆነ ወፍራም ወንድ ከክምሩ ስር ወጣ። እንደ አከራይ ገላመጠኝና ተዘርግቶ መሞቅ ጀመረ። ለአለቃዬ ጠቆምኩት። ብዙ ቆሞ አየው፣ ከዚያ ክምሩን አየ። «ይሄ ጥሩ ስራ ነው» አለኝ። በዚያው ሳምንት ሌሬውን ፈረመልኝ።

ደስ አላለኝም ማለት ውሸት ይሆናል። ግን አህያ የደፋችው በሚመስል ነገር መመስገን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለእህቴ ስነግራት እልል አለች። ያስፈረመህን ስራ ፎቶ ላክልኝ፣ ለጓደኞቼ ላሳያቸው አለችኝ። ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ይሄማ ፍርስራሽ ነው። ስራህን ላክልኝ።»

«ስራዬ እሱ ነው።»

«በቃ፣ በወሬ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።