ለትንፋሽ የሚተው ሁለት ጣት

ልብስ ሰፊዋ አፕ ሠራች ሲባል ሰፈሩ ጉድ አለ። ምን ታድርግ፣ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበት ደብተር በየጊዜው እየጠፋ አቃጥሏታል። ሁለት ዓመት ከኢንተርኔት ተምራ የትከሻውንም የወገቡንም ልክ የሚይዝ አፕ ሠራች። ከሁሉም በታች «ትንፋሽ» የሚል መስመር አለ። ሟች አባቷ፣ ልብሱ ሰውየውን እንዳያፍነው ከልኩ በላይ የሚተዋትን ትርፍ እንዲያ ነበር የሚላት።

ቃሉን ከአባትየው ሌላ የሚያውቁት ሁለቱ ሴት ልጆቹ ብቻ ናቸው፤ እሷና ታላቋ። ታላቋ ከሄደች ስምንት ዓመቷ። በአንድ የተበላሸ ኮት ተጣሉና ታናሽዬዋ፣ መቼም አፏ አያርፍ፣ «አንቺ ሳቅ እንጂ ስፌት መች ታውቂያለሽ» አለቻት። ሳቂታዋ እህት መቀሷን ይዛ ወጣች፤ ስልኳንም ቀየረች። ከዚያ ወዲህ እናታቸው ስቀው አያውቁም።

አፑን የሚሞክር ተጠቃሚ እፈልጋለሁ ስትላቸው እናት ገረማቸው። የሚጠቀመው እሱ ከሆነ አንቺን ምን አስለመነሽ አሏት።

ኢንተርኔት ላይ የልብስ ሰፊዎች የውይይት መድረክ አገኘች። «ክቡራን ባለሙያዎች፣ ይህን ዘመናዊ አፕ ይጠቀሙ» ብላ ለጠፈች፤ ኃላፊው ወዲያው አጠፋባት። ማስታወቂያ ክልክል ነው፣ መጀመሪያ እንደ ሰው ተጫወቺ አላት። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ኮሌታ ስለ ዚፕ የጠየቀውን ሁሉ ስትመልስ ከረመች። እውነቱን ለመናገር፣ መቀሷን ይዛ የወጣች ከሰፊዎች መሃል አትጠፋም ብላ፣ ከተጠቃሚው ይልቅ እህቷን ነበር የምትፈልገው። ናፍቆቷ አንጀቷን በልቶታል።

በመጨረሻ «እኔም እንደናንተው ሰፊ ነኝ፤ ሞክሩልኝና ስደቡኝ» ብላ ጻፈች። አሥራ አንድ ሰው ሞከረ፤ አሥራ አንዱም ትንፋሽ ላይ ሲደርስ ግራ ገባው። አንዱ የሳንባ ሐኪም ነሽ እንዴ ብሎ ቀለደባት፤ ሌላው መስመሩን አጥፊው አላት። እምቢ አለች። ምን ማለት እንደሆነም ሆን ብላ አልነገረቻቸውም።

በአምስተኛው ቀን፣ ጽፎ የማያውቅ ስም የለሽ አባል ከቀልዱ ስር መለሰ፦ «ለመተንፈሻ የሚተው ነው። ሁለት ጣት፤ ለሳቂ ሰው ሦስት።»

የስፌት መኪናው ላይ እግሯ ቀጥ አለ። የአባቷ አነጋገር ነው፣ ቃል በቃል። በውስጥ መስመር «እትዬ፣ በድዬሻለሁ። በናትሽ ነይልን» ብላ ጻፈች።

መልሱ እስኪመጣ አንዱን እጅጌ ሁለቴ ሰፍታ ሁለቴ ፈታችው። «የእማዬን ልክ ላኪልኝ። የድሮውን ሳይሆን የዛሬውን» ይላል።

ሜትሯን አንስታ እናቷን አቆመቻቸው። ትከሻቸው ጠቧል፣ ወገባቸው ከስቷል፤ ሆድ ባሳት።

«ደግሞ ይሄ ለማን ነው?» አሉ።

«ለተጠቃሚ።»

«ለየትኛዋ?»

«ለትልቋ።»

እናት ሜትሩ ደረታቸው ላይ እንዳለ ሳቁ፤ እየሳቁም አለቀሱ። ልጅቷም ትንፋሽ የሚለው ላይ ሦስት ብላ ጻፈች።