የዓመቱ ምስጉን የልብ ታካሚ

ልብስ ሰፊዋና ባሏ የልብ ደም ሥራቸው ጠቦ ስቴንት የተባለው የሽቦ ቱቦ የገባላቸው በአንድ ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ጨው አልባ ምግቡን የምታበስልለት፣ ክኒኑን በሰዓቱ የምታጎርሰው፣ ለእግር ጉዞ ከአልጋ ጎትታ የምታስወጣው እሷ ነች። የራሷን ክኒን ትዝ ሲላት ትውጣለች።

በአምስተኛው ዓመት ምርመራ የሱ ልብ የጎረምሳ ልብ ሆኖ ተገኘ፤ የሷ ደም ሥር ግን እንደገና ጠቧል። ሐኪሙ ሆዬ፣ “እንደ ባለቤትዎ ቢጠነቀቁ ምን ነበረበት?” ብሎ ተቆጣትና ለባልየው የምስጋና ወረቀት ሸለመው።

ቤት እንደገቡ ወረቀቱን ልትሰቅል ወንበር ላይ የወጣችው እሷው ነች። መዶሻውን ስታነሳ ደረቷን ውጋት ቀስፎ ያዛትና “ወይኔ!” ብላ ጮኸች።

ባል ከሶፋው ሳይነሳ፣ “ኧረ ቀስ በይ፣ አንቺ ሴት! ድንጋጤ ለልቤ አይሆንም ተብያለሁ እኮ!” አላት።