ለመጀመሪያ ጊዜ ሄደች፤ ግን ወደ ባሌ

ዛሬ ጠዋት የዳክዬ ጫጩታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሯ ሄደች። እጄን ዘርግቼ "ነይ የኔ ቆንጆ" እያልኳት በአጠገቤ አልፋ ቀጥ ብላ ወደ ባሌ!

አክስቴ ናት ከአረካ ያመጣችልን። ስትመጣ እግሮቿ ግራና ቀኝ እየተንሸራተቱ መቆም አትችልም ነበር።

እግሯን በፋሻ ያሰርኩት እኔ። እንቁላል ቀቅዬ፣ አድቅቄ ያበላኋት እኔ። በእረፍት ሰዓት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በባጃጅ እየተመላለስኩ ውኃ ያጠጣኋት እኔ።

እሱ ምን አደረገ? ሶፋ ላይ ተጋድሞ ደረቱ ላይ አስተኛት። በቃ!

እሺ፣ አንድ ጥፋት አለብኝ። እኛ ወላይታዎች ቤት አራስም ሆነ የደከመ ሰው አናቱን ቅቤ ይቀባል። እኔም አልሰሰትኩባትም፣ ከአናቷ እስከ ጅራቷ ቀባኋት። ላባዋ ተጣብቆ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ደግሞ ደንግጬ በሳሙና አጠብኳት። ጩኸቷ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ ደረቱ ላይ ተኝታ ስታየኝ እየተንፏቀቀች ትደበቃለች። የት? እሱ ብብት ውስጥ!

"ምን ላድርግ ታዲያ፣ ወደደችኝ" አለኝ ዛሬ እየሳቀ።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ስንቀጠቀጥ "ሻይ በዝንጅብል ጠጪ" ብሎኝ ወጣ። ያ ደረት ያን ቀን የት ሄዶ ነበር?

አሁን ይህን ስጽፍ ሁለቱም ሶፋው ላይ ተኝተዋል። በማንኛቸው እንደቀናሁ እኔም አልለየሁትም።

ዘጠኝ ወር አርግዛችሁ፣ ወልዳችሁ፣ የልጃችሁ የመጀመሪያ ቃል "አባባ" የሆነባችሁ እናቶች፣ እስቲ ኮሜንት ላይ ኑና አጽናኑኝ።