የእትዬ ብርነሽ አደራ

ሰሞኑን ማታ ማታ፣ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ከመስኮቴ በኩል አንድ ሽታ ይመጣል። ማር ማር የሚል፣ ቀን ተኝቶ ውሎ ሲመሽ ብቻ የሚነሣ የአበባ ሽታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። እናቴ በኩባያ ውሃ ይዛ፣ ኮቴዋን አጥፍታ ወደ ሳሎን ስትሄድ ትታየኛለች፣ «እማዬ፣ ኧረ ተያት!» ብዬ መጮህም ያምረኛል።

ሆያ የሚባል ተክል መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ያኔ የእትዬ ብርነሽ አበባ ነበር የምንለው። እትዬ ብርነሽ፣ የካ በነበርንበት ኮንዶሚኒየም ከእኛ በር ፊት ለፊት ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ነበሩ። ቅጠሉ ወፍራም፣ ሰም የተቀባ የሚመስል ሐረጋቸው በመስኮታቸው ብረት ላይ ከላይ እስከ ታች ተጠምጥሞ፣ ማታ ደረጃ የሚወጣ ሰው ሁሉ ሽታውን እየማገ ያልፍ ነበር። አንድ በጋ ደሴ ያለችው ልጃቸው ልትወልድ ስትቃረብ ሊያርሷት ተነሡ፤ በዚያው ሰሞን አከራያቸው ቤቱን ሸጦት ስለነበር ዕቃቸውን ለዘመድ አካፍለው ቁልፉን አስረከቡ። ሐረጉን ከብረቱ መፍታት ስላልተቻለ አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ በማርማላታ ብልቃጥ ውሃ ውስጥ አቆይተው፣ ነጫጭ ሥር ስታወጣ ለእናቴ ሰጧት። ሁለት ቅጠል ነበራት።

«ከቤቴ የቀረችኝ ይቺ ናት» አሉ። «ስመለስ እወስዳታለሁ፤ አደራ። ብዙ አትነካኳት ብቻ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እኔ ሰምቻታለሁ። እናቴ ግን ከአደራ በኋላ የተባለውን የሰማች አይመስለኝም። ላምበረት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝተናቸው ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ብልቃጧን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰው በተጠጋት ቁጥር ትቆጣ ነበር።

በረንዳችን ላይ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የተተከሉ ጤናዳምና በሶብላ ነበሩን፤ ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው እንዳማረባቸው ይኖሩ ነበር። አደራ ግን እንደዚያ አይያዝም። እናቴ የሰው አደራ በማርማላታ ብልቃጥ ማስቀመጥ ነውር ነው ብላ ሾላ ገበያ ወርዳ፣ ታናሽ ወንድሜ ሊታጠብበት የሚችል የሸክላ ማስቀመጫ በተሸካሚ አስይዛ መጣች፣ ጥቁር አፈር ጢም አድርጋ ሞልታም ተከለቻት። ምስኪኗ ቅርንጫፍ የአባቱን ካፖርት የለበሰ ሕፃን መሰለች። ከዚያ የክብር ቦታ ተፈለገላትና ሳሎን፣ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ተነጥፎላት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ የሳሎናችን መጋረጃ ደግሞ የሶፋው ቀለም እንዳይለቅ ተብሎ ከዓመት ዓመት አይገለጥም ነበር።

«ብርሃን ትፈልጋለች» ስል፣ እናቴ ደንግጣ «ምች ሊመታት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እናቴ አዲስ ሥር ያወጣችን ተክል ልክ እንደ አራስ ነበር የምታያት። ፀሐይ ካገኛት ምች ይመታታል፣ መስኮት ከተከፈተ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ይገባታል፣ እንግዳ ካያት የሰው ዓይን ይጥላታል። አራስ ደግሞ በየሰዓቱ መቀለብ አለባት። ስለዚህ እናቴ ጠዋት ታጠጣት ነበር፣ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በኮዳው የተረፈውን ይደፋላት ነበር፣ የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ ወደ ማዕድ ቤት መልሶ የማያውቀው አባቴ ሳይቀር ዜና እያየ እጁን ዘርግቶ ያጠጣት ነበር፤ ሁሉም ሌላው ረስቷታል ብሎ ስለሚያስብ በድብቅ ነበር የሚያደርገው። ይባስ ብሎ ሚያዝያ ላይ ሁለት ቅጠል ጨመረችና ውሃው ሠራ ተባለ። እኔ «ኧረ በቃት!» ብዬ ስጮህ፣ አባቴ «በሰው አደራ ትጨክኛለሽ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ክረምቱ ሲገባ፣ እንጦጦ በጉም ተሸፍኖ ሳሎናችን እርጥብ እርጥብ ሲል፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። እናቴ ብርድ ነው ብላ ደመደመች፣ ማስቀመጫውን በጋቢ ጠቀለለች፣ ከሰው ዓይን እንድትርቅ መኝታ ቤት ከበሩ ኋላ ወሰደቻት፣ ሆዷን እንዳይቆርጣት ይመስል ውሃውን ለብ አድርጋ ማጠጣት ጀመረች። ጋቢዋን ለብሳ ጨለማ ውስጥ ሳያት በንዴት አለቀስኩ። እትዬ ብርነሽ በየእሑዱ ይደውሉ ነበር፤ የልጅ ልጃቸውን ወሬ ጨርሰው «አበባዬስ?» ሲሉ፣ እናቴ «ደህና ናት፣ በጣም ደህና ናት» ትልና ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ልክ አይሆንም ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደውለው «ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ» አሉ። እናቴ ያን ዕለት ቅርንጫፏን ቀና ላድርጋት ብላ ስትነካት፣ ቢጫዎቹ ቅጠሎች ረገፉ፣ ግንዷም ሥር የሚባል ሳይኖራት፣ ጠቁራና በስብሳ እጇ ላይ ቀረች። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ «ቤት የላቸው፣ ዕቃ የላቸው፣ ያቺኑ አንዷን ሰጥተውኝ... ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?» እያለች ስታለቅስ፣ ንዴቴም ሐዘኔም ተደባለቀብኝ። ከእጇ ነጥቄ ወደ ማዕድ ቤት ሮጥኩ፣ የበሰበሰውን በሽንኩርት ቢላዋ ቆርጬ ጣልኩ፣ ከላይ ሁለት ቅጠል ይዛ የተረፈችውን ጫፍ በዚያው በማርማላታ ብልቃጥ ውሃ ውስጥ አድርጌ፣ ብርሃን እንደልብ የሚገባበት መስኮት ላይ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሳሙና ጎን አስቀመጥኳት። ቤተሰቡ ሁሉ ሞታለች ብሎ ስላመነ ማንም ሊያስታምማት አልመጣም። መስከረም ሲገባ ነጭ ሥር አወጣች።

እትዬ ብርነሽ የመጡ ቀን እናቴ ይቅርታዋን ስታጠና ነው ያደረችው። እሳቸው ግን ሳሎን ሳይቀመጡ እጃቸውን ሊታጠቡ ማዕድ ቤት ገቡ፣ ብልቃጧን አዩ፣ ብድግ አደረጓት።

«ወይ ልጄ! ልክ እንደሰጠሁሽ! አንዲት ቅጠል እንኳ ሳታጎድዪ!» ብለው እናቴን አገላብጠው ሳሟት። እናቴ አፏን ከፍታ ዘጋችው። አባቴ ጣሪያውን ያይ ጀመር። እኔ እውነቱን ላፈነዳው ደርሼ ነበር፤ የእናቴ እንባ በእሳቸው ትከሻ ላይ ሲወርድ ሳይ ግን ዞሬ ጀበናውን ጣድኩ።

ላምበረት አካባቢ በተከራዩት ክፍል ያቺ ሁለት ቅጠል መስኮት ሙሉ ሆነች። እኔ ሥራ ይዤ ጉርድ ሾላ ቤት ስከራይ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ፣ በእጄ ሰጡኝ። እሳቸው አሁን በሕይወት የሉም። አበባቸው ከእኔ ጋር ጠበብ ባለች ማስቀመጫ፣ መጋረጃ በሌለው መስኮት ትኖራለች፤ አፈሯ ሲደርቅ ብቻ አጠጣታለሁ፣ ማንም ውሃ አይደፋባትም፣ ማንም ጋቢ አያለብሳትም፣ በእሷ የተነሣ የሚጮህም የለም። ቤቴ ጸጥ ያለ ነው፤ አንዳንዴ ጸጥታው ይበዛብኛል።

ነገ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ስለምሄድ ዛሬ ከሰዓት ለእናቴ ወሰድኩላት። ማዕድ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀምጬ «ምንም አታድርጊላት፣ እስክመጣ ውሃም አያስፈልጋትም» አልኳት። አንዲቷን ቃል ግን ሆን ብዬ ዋጥኳት። እናቴ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጉልበቷም ያማታል፤ በሩን ይዛ ቆማ «አደራ እንኳ አትዪኝም?» አለችኝ።

«አደራ፣ እማዬ» አልኳት።

ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ፣ ከማዕድ ቤቱ መስኮት የቧንቧው ድምፅ ተሰማኝ።