ሰርቨሩ እንዳይወድቅ

የበደለኝ የኮሌጃችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው፤ የበደለኝም የተማሪ ምዝገባ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በተዛወረበት ዓመት፣ መስከረም ላይ። ዕድሜው ከበኩር ልጄ ያንሳል።

መቱ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጥሬ፣ ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። የምዝገባውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። መዝጋቢዋ የተማሪውን ስም ስታስገባ ፕሮግራሙ ስሙን ይልክና፣ መልሱን ቆሞ ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ተማሪ ያልፋል። መልሱ ኋላ ይመጣል። ዝናብ ጥሎ ኔትወርክ ከተቋረጠ ግን የሚመጣው ስህተት ነው፤ ስሙ አልገባም ማለት ነው። ያንን ስህተት የሚቀበል ነገር ያልጻፍኩባቸው ቦታዎች ነበሩ። በሙከራው ሳምንት ሰርቨሩ፣ ስሞቹን የሚቀበለው ዋናው ኮምፒውተር፣ በዚሁ ምክንያት ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሥራ አቆመ።

«ሦስት ቀን ስጠኝና ስህተቱን በየቦታው ልያዘው» አልኩት ኃላፊውን።

«ነገ ለፕሮግራሙ ምረቃ እንግዶች ይመጣሉ፣ እትዬ። ሰርቨሩ ፊታቸው ከሚወድቅ እኔ ብወድቅ ይሻለኛል።»

«አንተ ብትወድቅማ ማን ያነሳሃል?»

ክፍሉ ውስጥ ወደነበሩት ሌሎች ሠራተኞች ዞረና «እትዬ ቀይ የስህተት ጽሑፍ ባዩ ቁጥር መርዶ ይመስላቸዋል» አለ። ሳቁ።

በማግስቱ ሰርቨሩ አልወደቀም። ተጨበጨበለት። ከሰዓት በኋላ የፕሮግራሙን ኮድ ከፈትኩት። ኃላፊው ከላይ፣ ያልተያዘ ስህተት ሁሉ የሚገባበት አንድ ቦታ አበጅቷል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ስህተቱ አይጻፍም፣ ለማንም አይነገርም። «ተመዝግቧል» የሚለው አረንጓዴ ምልክትም መልስ ሳይመጣ፣ ስሙ ገና ሲላክ እንዲበራ አድርጎታል።

አየሁት፤ ለማንም አልተናገርኩም። በሳቁለት ሰዎች ፊት አንድ ቀን ይዋረድ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ጥቅምት ላይ ትምህርት ሲጀመር አንድ አባት ሴት ልጁን ይዞ ከኖፓ ወረዳ መጣ። ነርስነት ልትማር ነበር። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ክፍሉም ሞልቷል።

«አረንጓዴውን በዓይናችን አይተናል እኮ፣ ሃዳ ኮ» አለኝ። በኦሮምኛ እናቴ ብሎ ነው የጠራኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ኃላፊው ከኋላዬ ሆኖ መለሰለት፤ «ፕሮግራሙን የጻፉት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። «ለከርሞስ ትመዘግቡኛላችሁ?» አለችኝ። አባቷ እጇን ያዘና ይዟት ወጣ። ከርሞ የሚያስተምራት ከሆነ እሱ ያውቃል፤ ፊቱ ግን «ከእንግዲህ የለም» ነበር የሚለው።

ያንን ኮድ ማን በየትኛው ቀን እንዳስገባው ኮምፒውተሩ መዝግቦ ይዟል። አትሜ ለኮሌጁ ዲን ወሰድኩለት። አነበበው።

«እርስዎ መቼ አዩት?» አለኝ።

አውቀው ዝም ብለዋል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ለኃላፊው ምንም አልተጻፈበትም።

ማስጠንቀቂያውን ፈርሜ ተቀበልኩ። የኃላፊውን ኮድ አጠፋሁ። ስህተት ሁሉ ተጽፎ ለመዝጋቢዋ እንዲደርሳት፣ አረንጓዴውም ስሙ መግባቱ ሲረጋገጥ ብቻ እንዲበራ አደረግኩ። ከኃላፊው ጋር አራት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ሠራን፤ ሰላምታ አልሰጠሁትም። ልጅቷን ፍለጋ ግን ኖፓ አልሄድኩም።