የሚጠበቅ፦ የሠዓሊው ደብተር

የሥዕል ሙዚየማችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ለተብርሃን ባለፈው ሳምንት ዐርፈዋል። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፍላችሁ ቅመም ነጋዴው ሰይድ ነኝ። እኚህ ሴት እኔን ያስወጡኝ ወጪ ይህ ነው፦ ከሁለት ኩንታል የማያንስ መጠቅለያ ወረቀት፣ አንድ ጥሩ ገዢ፣ እና «እሱ አያዝንም» የሚባልልኝ የገበያ ስሜ።

የተዋወቅነው በእርድ ነው። ያን ጊዜ ከወሎ መጥቼ መቐለ ሱቅ ከከፈትኩ ብዙም አልቆየሁም። አሮጌ ወረቀት በኪሎ እየገዛሁ ቅመም እጠቀልልበታለሁ። እሳቸው እርድ ገዝተው ሄዱ፤ በማግስቱ መጠቅለያውን አስተካክለው፣ በደብተር መሐል አድርገው ተመለሱ።

«የቀረውስ የት አለ?»

«እርዱ ጎደለ እንዴ አደይ?» አልኳቸው፤ እንደ አገሩ ሰው እናቴ ማለቴ ነው።

«የጎደለው መጽሐፉ ነው።»

ወረቀቱ የአንድ የሥዕል ኤግዚቢሽን መጽሐፍ ገጽ ኖሯል። እሳቸው ካመጡት ገጽ በፊት ያለውን፣ እስከ አርባኛው ድረስ፣ ሸጬዋለሁ፤ በእርድ፣ በጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽም በኮረሪማ። ጆንያ ላይ ተቀምጠው ረፋዱን ሙሉ የቀረውን ለቀሙ። እኔም መፈለጋቸውን ሳይ ወረቀቱን በመጽሐፍ ዋጋ ሸጥኩላቸው።

በየወሩ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ በእጃቸው የጻፏትን አንዲት ወረቀት ይለጥፉ ነበር፤ «ዜናና አዲስ የገቡ» ትባላለች። የዚያ ወሯ እንዲህ ትላለች፦ «የኤግዚቢሽን መጽሐፍ፤ ከገጽ አርባ አንድ ይጀምራል፤ እርድ ይሸታል። ከነጋዴ ሰይድ በስጦታ የተገኘ።»

መምህራን ሱቄ ድረስ እየመጡ አመሰገኑኝ። አንዱማ እጄን ይዞ አልለቅ አለ። ተናድጄ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«አደይ ለተብርሃን፣ እኔ ሸጥኩልዎ እንጂ መች ሰጠሁዎ?»

«ዐውቃለሁ ሓወይ» አሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። « ስጦታ እስኪሆን ድረስ ነው የምጽፈው።»

ከዚያ ወዲያ ለእሳቸው ዋጋ መጥራት አፌን ያዘኝ። ጆንያ በመጣ ቁጥር ሳልፈታ እጠብቃቸዋለሁ። ሥዕል ያለበት ወደ እሳቸው፣ የቢሮ ደብዳቤ ወደ በርበሬ።

ሥራው አድካሚ ነበር። በጀት የለም፤ መሰላሉን በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ራሳቸው ይወጣሉ። «ዛሬ ደክሞኛል፤ ነገም ይደክመኛል። ስለዚህ መዝገቡን ዛሬውኑ እንጻፈው» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስሄድ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃዋን ጨርሳ የመጣች ልብስ ሰፊ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ዘበኛው አቦይ ካሕሳይ ሊቀሰቅሷት ሲሉ «ይተዉዋት» አሏቸው ወይዘሮ ለተብርሃን። የጥለት ሥዕሎች ያሉበትን መጽሐፍ ገልጠው ፊቷ አስቀመጡ። «ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው ማሽን አይሁን።» ልጅቷ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር፤ አንዳንዴም ሳትተኛ።

ወደ ደብተሩ ልምጣ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሞቶ ወራሾቹ ወረቀቱን በጆንያ ሸጡልኝ። ከውስጡ አንድ ደብተር ወጣ፤ ገጹ ሁሉ ዐይን ነው። የመልአክ ዐይን፣ የፈረስ ዐይን፣ እጁ እስኪለምድ የሣለው። ወይዘሮ ለተብርሃን ቀስ ብለው አገላብጠው መለሱልኝ። እኔም ለፈረንጅ ገዢ ብዬ ደበቅኩት። በወሩ ወረቀት ግርጌ አዲስ መስመር ተጨመረ፦ «የሚጠበቅ፦ የሠዓሊው ደብተር፤ ከነጋዴ ሰይድ።»

ስድስት ዓመት በየወሩ ጻፉት። ፈረንጁ መጣ፤ ጥሩ ዋጋም ጠራ። ግን በር ላይ ተለጥፎ ሰው ሁሉ የሚጠብቀውን ዕቃ እንዴት እሸጣለሁ? አልሸጥኩም። አልሰጠሁምም። አንዴ «ይሰርዙት እንጂ፤ እርስዎም ደከምዎ፣ እኔም ደከመኝ» ብላቸው፣ «የደከመኝን ሁሉ ብሰርዝ ምን ይቀራል?» አሉኝ።

ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ልጠይቃቸው ሄድኩ። የእጄን ፌስታል አዩት።

«ብርቱካን ነው?»

«ብርቱካን ነው አደይ።»

«ደግ» አሉ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ከቀብር መልስ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። አቦይ ካሕሳይ በሩን ከፈቱልኝ። ጠረጴዛቸው ላይ፣ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት የጻፉት የዚህ ወር ወረቀት አለ። ግርጌው ላይ «የሚጠበቅ» የሚለው የለም። «አዲስ የገባ፦ የሠዓሊው ደብተር፤ ከነጋዴ ሰይድ በስጦታ የተገኘ» ይላል። ደብተሩን አጠገቡ አኖርኩት። ቀኑን ሙሉ ጆንያ የተሸከምኩ ያህል ደክሞኝ ወንበር ፈለግሁ። ያለው የእሳቸው ወንበር ነበር፤ ቆምኩ።

አደይ ለተብርሃን፣ እኔ ተከራክሬ እምብዛም አልሸነፍም፤ እርስዎ ግን ሳይከራከሩ አሸነፉኝ። ወረቀቱን በሩ ላይ እኔ ለጥፌዋለሁ፤ ትንሽ ተጣሟል። ይረፉ፤ መሰላሉን ሌላ ሰው ይወጣዋል። ደብተሩ ገብቷል። ስድስት ዓመት ዘግይቷል።