«በበጋ ነይ» ያልኳት እንግዳ

ልጄ ሳሮን ለቡ መብራት ኃይል ካለው ቤታችን ሁለቱን ክፍል ለመንገደኛ ታከራያለች። ባለፈው ሳምንት ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «እማዬ፣ በክረምት ለሚመጡ እንግዶች ምክር ልጽፍ ነው፤ ምን ልበል?» አለችኝ። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔም ቶሎ ቶሎ ነገርኳት፤ ውኃ የሚያስገባ ጫማ አታድርጉ፣ የጠዋት ፀሐይ አትመኑ፣ ጉዳያችሁን ከቀትር በፊት ጨርሱ፣ ሀይሌ ጋርመንት ጎርፍ ካለ ታክሲ አትጠብቁ፣ ፓስፖርታችሁን በፌስታል ጠቅልሉ። እሷ ስትጽፍ እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነፋስ ስልክ ነበር የምንኖረው። አባቴ በወጣትነቱ ሆሳዕና አካባቢ በተወለደበት መንደር ከአንድ ስዊድናዊ ጋር የውኃ ጉድጓድ ቆፍሯል። ሰውዬው አገሩ ገብቶ ዓመታት ቆይቶ ሞተ። ከዚያ ልጁ ኢንግሪድ፣ «አባቴ እስኪሞት ያወራለት የነበረውን ጉድጓድ ማየት እፈልጋለሁ፤ መቼ ልምጣ?» ብላ ጻፈች። አባቴ በደስታ የሚሆነውን አጣ። በእንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ ስለነበርኩ መልሱን እንድጽፍ አዘዘኝ።

«በክረምት እንዳትመጣ በያት፤ ወንዙ አያሳልፍም። በበጋ ትምጣ።»

እኔም ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን ክረምትን «ዊንተር»፣ በጋን «ሰመር» ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ደግሞ ሲያምር! ደብዳቤውን ለጎረቤት ሳይቀር አሳይቻለሁ።

ኢንግሪድ በሐምሌ መጣች። ለካ በእነሱ አገር ሰመር ማለት ሐምሌ ነው። አባቴ ግን ዕረፍት ያገኘችው አሁን ቢሆን ነው ብሎ ነገሩን አላነሳውም።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ዶፉን በመስኮት እያየች፣ «በሰመር ነይ አላላችሁኝም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምን አለች?» አለ አባቴ።

«ዝናቡ ደስ ይላል አለች።»

አባቴ ሳቀ፤ «የአባቷ ልጅ!» አለ። ለእሷ ደግሞ ዘንድሮ ዝናቡ ያለወትሮው ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ውሸቴ እንዳይወጣ ሁለቱን ማገናኘት ፈራሁ። አባቴ ወሬ ሲጀምር ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ እሷ ስትጠይቅ ግማሹን እውጣለሁ። ያላት አሥር ቀን ብቻ ነበር። አባቴ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥቶ ሰማይ ያያል፤ እሷ ሳሎን ውስጥ ትንቆራጠጣለች፤ እኔ የበቆሎ ጥብስ እያቀረብኩ ቀን እቆጥራለሁ።

በስምንተኛው ቀን አባቴ «እንሂድ!» አለ። ሆሳዕና አድረን በማግስቱ ጭቃ ለጭቃ ወንዙ ዳር ደረስን። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ግንድ ይዞ ይወርዳል። መንደሩ ማዶ ይታያል። አባቴ ሱሪውን ጠቀለለ።

«አባዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ይቺ ልጅ ከስዊድን ድረስ መጥታ ሳታይ አትመለስም። መሻገሪያ ልፈልግ።»

ውኃው ጭኑ ላይ ሲደርስ ተንገዳገደ። ያን ጊዜ ጮህኩ፤ «ተመለስ አባዬ! ጥፋቱ የእኔ ነው! በሐምሌ ያስመጣኋት እኔ ነኝ!»

እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ሱሪውን እየጨመቀ፣ «ያኔውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት ልጄ?» አለኝ። «ጉድጓዱ ቢቀር ስለ አባቷ አወራላት ነበር። አንቺ ትተረጉሚልኝ ነበር።»

ኢንግሪድ በማግስቱ ማታ በረረች።

አባቴ በኅዳር አረፈ። ኢንግሪድ ሰምታ በጥር መጣች፤ ወንዙን እኔው አሻገርኳት፤ ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም። የጉድጓዱ አፍ ላይ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የታተሙ የሁለቱ አባቶቻችን መዳፎች አሉ፣ ጎን ለጎን።

«የአባቴ የትኛው ነው?» አለችኝ።

ያንን የሚያውቅ አባቴ ብቻ ነበር። ወደ ቀኙ ጠቆምኩ። መዳፏን አሳርፋበት አለቀሰች።

ሳሮን ጽፋ ስትጨርስ፣ «ክረምት ብቻ ብለሽ አትተይው፤ የወሩን ስም አስገቢበት» አልኳት። እሺ ብላ ጨመረች። በአንዲት ቃል መሳሳትስ በማንም ይደርሳል፤ ያን ስህተት ለሰው ስናገር እንዲያውም እስቃለሁ። እነዚያን አሥር ቀናት ግን በውሸቴ የበላሁት እኔ ነኝ። ምናልባት ኢንግሪድ ያለቀሰችው በእኔ አባት መዳፍ ላይ ይሆናል፤ እኔ አንዱንም ለመንካት አልደፈርኩም።